አረንጓዴዋ የ900 ብር ሌዘር፦ ከጅማ መርካቶ ገዝቼ፣ ሞክሬ፣ አንዷን ፈታትቼ

ዋጋውን አስቀድሜ ልናገር፣ መጨረሻ ላይ የምትጠይቁኝ እሱን ነው። ሻጩ ልጅ 1,300 ብሎ ጀመረ። 900 ላይ ተስማማን። እሱም ሁለት ስለወሰድኩ ነው፣ ለአንድ ቢሆን ከ1,000 አይወርድም ነበር።

የገዛሁት ጅማ መርካቶ ውስጥ ቻርጀር፣ ኢርፎን፣ የስልክ ሽፋንና የቲቪ ሪሞት ከሚደረድሩት ትንንሽ ሱቆች ከአንዱ ነው። የሱቁን ስም አልጠራም፣ እቃው ሁሉም ጋ አንድ ዓይነት ነው። ብዕር የምታክል ጥቁር ዘንግ ናት። ሁለት የሪሞት ድንጋይ ትጎርሳለች። ጎኗ ላይ ተንጋዶ የተለጠፈ ቢጫ ወረቀት አለ፣ ከ5 ሚሊዋት በታች ይላል። ልጁ ደግሞ «ወንድሜ፣ 10 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች፣ ጅሬን ቤተ መንግሥቱን ከዚህ ታበራልሃለች» አለኝ። ብርሃን እንደሆነ ካልከለከሉት ይሄዳል፣ እዚያ ደርሶ ይታያል ወይ ነው ጥያቄው። አልተከራከርኩትም።

ለምን እንደፈለግኳት ካላወቃችሁ የቀረው አይገባችሁም። ፊዚክስ አስተምራለሁ፣ ጎን ለጎን ደግሞ ሁለተኛ ዲግሪዬን ሞሊብዲነም ዳይሰልፋይድ በሚባል ስስ ሴሚኮንዳክተር ላይ እየሠራሁ ነው፤ እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደራረበ ነገር ነው፣ አንዷ ገጽ 0.65 ናኖሜትር ብቻ ነው ውፍረቷ (ናኖሜትር የሚሊ ሜትር ሚሊዮንኛ ነው)። የኔ ሥራ ይህች ገጽ ኃይለኛ ብርሃን ሲያርፍባት ቀለሙን እንዴት እንደምትለውጠው ማስላት ነው። ስሌት ብቻ። ሁለት ዓመት ሙሉ ኮምፒውተር ላይ አፍጥጬ ብርሃን ቀለሙን ሲለውጥ ግን አንድም ቀን በዓይኔ አላየሁም። እናም አንድ ቀን ባጃጅ ውስጥ ተቀምጬ ትዝ አለኝ፦ ይሄ ነገር እኮ መርካቶ ይሸጣል።

ቀይዋ ሌዘር ቀላል ናት። ብርሃን የምታመነጨው ቁራጭ፣ ዳዮዱ፣ ራሱ ቀይ ያወጣል፣ በቃ። የአረንጓዴዋ ጉዳይ ሌላ ነው። ከውስጥ ያለው ዳዮድ የሚያወጣው ብርሃን የሞገዱ ርዝመት 808 ናኖሜትር ነው፣ ዓይን አያየውም ማለት ይቻላል። እሱ ኒዮዲሚየም ያለበትን አንድ ክሪስታል ይመታዋል፣ ያኛው 1064 ናኖሜትር ይሰጣል፣ ይሄኛውማ ጭራሽ አይታይም። ከዚያ ኬቲፒ የሚባል ሌላ ክሪስታል ይመጣና ሁለት ሁለቱን የ1064 ፎቶን (የብርሃን ቅንጣት) እያጣመረ አንድ የ532 ፎቶን ያደርጋቸዋል። የምታዩት አረንጓዴ ይሄ ነው። ከሁለት የማይታይ ብርሃን አንድ የሚታይ። በ900 ብር።

ይህ ዓይነቱ ነገር ቀጥተኛ ያልሆነ ኦፕቲክስ ይባላል፣ ስሙ ነው የሚያስፈራው። ድምፁ ከአቅሙ በላይ የተከፈተ የባጃጅ ስፒከር ሰምታችሁ ታውቃላችሁ፤ ጅማ እየኖረ ያልሰማ የለም። ዘፋኙ ያላወጣውን፣ ሙዚቃው ውስጥ የሌለውን ድምፅ ያወጣል፣ ይጮሃል፣ ይሰነጠቃል። ስፒከሩ ትንሽ ሲገፉት እንደተገፋው ልክ ይንቀሳቀሳል፤ አብዝተው ሲገፉት መከተል ያቅተውና ከራሱ ይጨምራል። ከሚጨምራቸው አንዱ ድግግሞሹ፣ ማለትም በሴኮንድ የሚወዛወዝበት ብዛት፣ የመጀመሪያው ድምፅ እጥፍ የሆነ ነው። ክሪስታል ውስጥ ያሉ ኤሌክትሮኖችም እንደዚያው ናቸው። ደካማ ብርሃን በልኩ ያወዛውዛቸዋል፣ ኃይለኛ ብርሃን ሲመጣ ግን እጥፍ ድግግሞሽ ያለው ብርሃን ይጨምራሉ። ድግግሞሹ እጥፍ ሲሆን የሞገዱ ርዝመት ግማሽ ይሆናል፣ 1064 የነበረው 532።

መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ1961 ነው፣ የመጀመሪያው ሌዘር በተሠራ በዓመቱ። ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ፒተር ፍራንከንና ጓደኞቹ የሩቢ ሌዘር ብርሃን ኳርትዝ ውስጥ አሳልፈው ግማሽ የሞገድ ርዝመት ያለው ብርሃን አገኙ። በጣም ትንሽ ነበር፣ ፎቶው ላይ ነጥብ ነው የሚያክለው። ሲታተም ያቺ ነጥብ ጠፋች። የመጽሔቱ ሰዎች ቆሻሻ መስሏቸው አጠፏት ይባላል። ግኝቱን እኮ ነው ያጠፉት! ይህን ለተማሪዎቼ በነገርኳቸው ቁጥር ይስቃሉ፣ እኔም አብሬያቸው እስቃለሁ።

ወደ እቃው ልመለስ።

ብርሃኗ አሪፍ ነው። ማታ መብራት ሲጠፋ ሞከርኳት፣ መብራት እንደሆነ እዚህ መጥፋት ይችልበታል፣ ጎረቤት ያለው የውኃ ታንከር ላይ ነጥቧ ቁልጭ ብላ ታየች። ዝናብ ሲያካፋ ደግሞ ጨረሯ ራሱ ይታያል፣ አየር ላይ እንደተወጠረ አረንጓዴ ክር። ቀይዋ እንዲህ አታምርም፣ ምክንያቱም ዓይናችን አረንጓዴ አካባቢ ነው በደንብ የሚያየው፣ በቀን ብርሃን ጫፉ 555 ናኖሜትር ላይ ነው። ወደ ሰማይ ግን አትቀስሩ። አባ ጅፋር ኤርፖርት አጠገባችን ነው፣ የሚያርፍ አውሮፕላን ላይ ሌዘር መቀሰር ቀልድ አይደለም።

ጠዋት ግን ሌላ ሰው ትሆናለች። የገዛኋት በሐምሌ ነበር፣ የጅማን የሐምሌ ጠዋት ታውቁታላችሁ፣ ብርድ ልብስ አያስጥልም። ክፍል ውስጥ አውጥቼ ተጫንኩ፣ የሞተች ክብሪት መሰለች። ተማሪዎቹ «ቲቸር ድንጋይ ጨርሳለች» አሉ። አልጨረሰችም። ጨብጬ ሁለት ደቂቃ አሞቅኳት፣ ብልጭ ድርግም ብላ ነቃች። ችግሩ ዳዮዱ ነው። የሙቀት መጠን ሲቀየር የሚያወጣው ብርሃን በየዲግሪው በ0.3 ናኖሜትር ገደማ ይንሸራተታል፣ ኒዮዲሚየሙ ደግሞ 808 አካባቢ ያለውን ብቻ ነው አጥብቆ የሚወደው። ሲበርድ ሁለቱ ይተላለፋሉ። ውድ የሆኑት ሙቀት መቆጣጠሪያ አላቸው፣ የኔ መቆጣጠሪያ መዳፌ ነው። ለዚህ ቅሬታ የለኝም፣ በ900 ብር ምን ይጠበቃል።

ቅሬታዬ ሌላ ነው፣ እሱንም አጥብቄ ነው የምናገረው። የማይታየው ብርሃን መውጫው ላይ መቅረት ነበረበት። ደህና አሠራር ከሌንሱ አካባቢ ኢንፍራሬድ፣ ይሄንኑ የማይታየውን ብርሃን፣ የምታስቀር ትንሽ ማጣሪያ ያስገባል። ርካሾቹ ላይ ይህች ማጣሪያ ትዘለላለች። እ.ኤ.አ. በ2010 የአሜሪካ የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ብሔራዊ ተቋም ተመራማሪዎች አንዲት ርካሽ አረንጓዴ ሌዘር ለክተው ከአረንጓዴው በላይ ኢንፍራሬድ ስትረጭ አገኟት። አደገኛው ነገር አረንጓዴ ሲያንጸባርቅባችሁ ዓይን ይጨፈናል፣ ኢንፍራሬዱን ግን ዓይን ስለማያየው አይጨፍንለትም። ዝም ብሎ ይገባል።

የኔዋን ለመፈተን መሣሪያ የለኝም። አሮጌ ሲዲ ግን አለኝ፣ ዘመኑ አልፎበት የወፍ ማስፈራሪያ ሆኖ የተሰቀለ። የሲዲ መስመሮች በ1.6 ማይክሮሜትር ልዩነት የተደረደሩ ስለሆኑ ብርሃኑን በየሞገድ ርዝመቱ ይበታትኑታል። ካርቶን መሃሉን በሳሁ፣ ሌዘሯን ከኋላው አስሬ በቀዳዳው በኩል 50 ሴንቲ ሜትር ላይ ያቆምኩትን ሲዲ ቀጥ አድርጌ መታሁት፣ ተመልሶ ካርቶኑ ላይ የሚያርፈውን በማስመሪያ ለካሁ። አረንጓዴው ነጥብ ከቀዳዳው 17.5 ሴንቲ ሜትር ላይ አረፈ፣ ሲሰላ 530 ናኖሜትር አካባቢ። ጥሩ። ከዚያ የስልኬን የፊት ካሜራ አወጣሁ። (አንዳንድ ካሜራ ኢንፍራሬድ አያይም፣ መጀመሪያ የቲቪ ሪሞት ጫፉን ወደ ካሜራው አድርጋችሁ ተጫኑ፣ ብርሃን ከታየ ይሠራል።) በዓይኔ ምንም የሌለበት ቦታ፣ 29 ሴንቲ ሜትር ላይ፣ ስልኩ ውስጥ ሐምራዊ ነጥብ ቁጭ ብላለች። አሰላሁ፣ 800 ናኖሜትር ገደማ። ያ የዳዮዱ ብርሃን ነው፣ ሳይጣራ ቀጥ ብሎ እየወጣ።

1064ቱንስ? እዚህ ላይ አንድ የሚያስቅ ነገር አለ። ሲዲው አንዱን ቀለም ከአንድ በላይ ቦታ ላይ ይጥለዋል፤ 1064 የሚያርፍበት ቦታ የአረንጓዴው ሁለተኛ ነጥብ የሚያርፍበት ቦታ ነው፣ አንድ ላይ ይወድቃሉ፣ ልክ እጥፉ ስለሆነ። የስልክ ካሜራም 1064ን እምብዛም አያይም። ስለዚህ አባትየው ከልጁ ጀርባ ተደበቀ።

ሁለቱም ሌዘሮች ያው ናቸው፣ ሁለተኛዋም ላይ ደግሜ አየሁት። ወደ ሱቁ ሄድኩ። «የተከፈተ አይመለስም» አለኝ ልጁ። እኔ አልከፈትኳትም፣ እሱ ራሱ ነው ሲያሳየኝ ከማሸጊያው ያወጣት። ስለ ማጣሪያው ላስረዳው ሞከርኩ፣ ከኋላዬ ቻርጀር የሚጠብቁ ሰዎች ነበሩ፣ በመጨረሻ አራት የሪሞት ድንጋይ በነጻ ሰጠኝና ተለያየን። እሱ ላይ አልፈርድም፣ ካርቶኑ እንደመጣ ነው የሚሸጠው። አስመጪው ላይ ግን እፈርዳለሁ።

ከሁለት ወር በኋላ አንዷ ከጠረጴዛ ወድቃ መብራት አቆመች። ፈታኋት። ደስ ያለኝ ያኔ ነው። ስፕሪንግ፣ ትንሽ ሰርኪዩት፣ ሌንስ፣ እና መሃል ላይ የናስ ቀለበት ውስጥ የተጣበቀች የጥቂት ሚሊ ሜትር ብርጭቆ መሳይ ነገር። ሁለቱ ክሪስታሎች ተጣብቀው ማለት ነው። ማጣሪያ የለም፣ እንደገመትኩት። ያቺን ክብሪት ራስ የማትሞላ ነገር ነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጬ ብዙ አየኋት። ጅማ ከተማ ውስጥ በብር ገዝታችሁ ልትይዙት የምትችሉት የብርሃን ድግግሞሽ አጣፊ እሷ ናት።

ከኔ ሴሚኮንዳክተር ጋር ያወዳደርኳት ያኔ ነው። ሁለት ሚሊ ሜትር ናት ብንል ከአንዷ የሞሊብዲነም ዳይሰልፋይድ ገጽ ሦስት ሚሊዮን ጊዜ ትወፍራለች። ያቺ ገጽ ሦስት አተም ነው ውፍረቷ፣ ሰልፈር፣ ሞሊብዲነም፣ ሰልፈር፣ እንደ ሳንዱች። ግን የብርሃን ድግግሞሽ ታጥፋለች! እ.ኤ.አ. በ2013 በካንሳስ፣ በኒው ዮርክና በብራዚል ያሉ ቡድኖች በየፊናቸው ለክተው አሳይተዋል። ከሁሉም የገረመኝ ደግሞ ሁለት ገጽ ስትደርቡ ብርሃኑ ይጨምራል ብላችሁ ስትጠብቁ ጭራሽ ሊጠፋ ይደርሳል። ሦስት ሲሆን ይመለሳል። አራት ሲሆን ይጠፋል። ጎዶሎ ያበራል፣ ሙሉ ይጨልማል።

ይህን ለማስረዳት ከጅማ በርጩማ የተሻለ አላገኘሁም። ባለ ሦስት እግሯን። በርጩማዋን በአንድ ሦስተኛ ዙር ብታዞሯት እግሮቿ እዚያው የነበሩበት ቦታ ይገባሉ፣ ማንም አያውቅባችሁም። በግማሽ ዙር ብታዞሯት ግን አይገጥምም፣ እግር የነበረበት ቦታ ባዶ ይሆናል። አንዷ ገጽም እንዲሁ ናት፣ ከላይ ስትታይ የማር እንጀራ ትመስላለች፣ ግን ጥጎቹ ላይ ሞሊብዲነምና ሰልፈር እየተፈራረቁ ስለተቀመጡ ግማሽ ዙር ስትዞር ራሷን አትመስልም። የድግግሞሽ ማጠፉ ሥራ የሚፈልገው ይሄንን ነው፣ ወዲያና ወዲህ እኩል ያልሆነ ነገር። ተፈጥሮ ታዲያ ሁለተኛዋን ገጽ በላይዋ ስታስቀምጥ ግማሽ ዙር አዙራ ነው። ሁለት በርጩማ በግማሽ ዙር ተዟዙሮ ሲደረብ ስድስት እግር ይሆናል፣ ወዲያና ወዲህ እኩል። አንዷ የሰጠችውን ሌላዋ ትሽረዋለች። ሳይዞሩ የተደረደሩበት ሌላ ዓይነት ክሪስታልም አለ፣ እሱ ላይ ገጾቹ ይተባበራሉ፣ ሁለት ሲሆኑ አራት እጥፍ፣ ሦስት ሲሆኑ ዘጠኝ እጥፍ ብርሃን።

ከዚህ የሚወጣ ጥቅምም አለ። የሌዘሩን ብርሃን የመወዛወዣ አቅጣጫ እያዞራችሁ የወጣውን ብትለኩ ባለ ስድስት ቅጠል አበባ የሚመስል ስዕል ይወጣል። ቅጠሎቹ ወዴት እንደዞሩ በማየት በዓይን የማይታየው ክሪስታል በየት በኩል እንደተኛ ታውቃላችሁ፣ ሳትነኩት። የኔ ስሌት ውስጥ ያቺ አበባ መቶ ጊዜ ወጥታለች፣ አሁንም አትሰለቸኝም።

ኬቲፒዋ ታዲያ ምን ትበልጣለች? በብዛት፣ ያለ ጥርጥር። አንዷ ገጽ የምትሰጠው ጥቂት ፎቶን ነው፣ ረቂቅ መለኪያ ነው የሚቆጥረው። ወፍራሙ ክሪስታል ግን የራሱ ጣጣ አለበት። ሠርግ ላይ ብዙ ሰው ሲያጨበጭብ አስቡ። ከፊት ያሉትና ከኋላ ያሉት ከተዛነፉ ጭብጨባው ይፈርሳል፣ ከገጠሙ ቤቱ ይናጋል። ክሪስታሉ ውስጥ 1064ና 532 እኩል አይሮጡም፣ ስለዚህ መጀመሪያ ላይ የተወለደው አረንጓዴና መጨረሻ ላይ የተወለደው ይዛነፋሉ። እንዲገጥሙ ክሪስታሉ በተወሰነ ማዕዘን መቆረጥ አለበት። ብቻውን የሚያጨበጭብ ሰው ግን ከማን ጋር ይዛነፋል? አንዷ ገጽ እንደሱ ናት። ቀጭን ስለሆነች መግጠም አያስፈልጋትም። በእያንዳንዷ ናኖሜትር ከተቆጠረማ ከብዙ ክሪስታል ታስንቃለች።

አንድ ጥያቄ እንደሚመጣ አውቃለሁ፣ ተማሪዎቼም ጠይቀውኛል። ይሄ ሞሊብዲነም ዳይሰልፋይድ የት ይገኛል? እሱም ጅማ አለ። መለዋወጫ ሱቅ ግቡና ለመኪና ጆይንት የሚሆን ጥቁር ግሪስ በሉ። ከጥቁረቱ ጀርባ ብዙ ጊዜ ያለው እሱ ነው። ገጽ ከገጽ የያዘው ኃይል በጣም ደካማ ስለሆነ አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታል፣ ለዚያ ነው ብረት ከብረት የሚያስታርቀው። ሴሚኮንዳክተሩን ስስ ማድረግ የሚቻለውም በዚያው ድክመት ነው። ማንቸስተር ላይ ጋይምና ኖቮሴሎቭ እ.ኤ.አ. በ2004 ግራፊንን፣ አንድ አተም ውፍረት ያላትን የካርቦን ገጽ፣ ከግራፋይት በስኮች እየላጡ አወጡ፣ በ2010 ኖቤል ተሸለሙበት። ይሄኛውም በስኮች ይላጣል።

እኔም ሞኝ ነኝ፣ ሞከርኩት። የመለዋወጫ ሱቁ ባለቤት ትልቅ ሰው ናቸው፣ ሐጂ ነው የምንላቸው። ትንሽ ግሪስ በላስቲክ ጠየቅኳቸው። «ልጄ፣ መኪና ገዛህ እንዴ?» አሉኝ። አይ ሐጂ፣ ለትምህርት ነው አልኩ። ሳያስከፍሉ ሰጡኝ። ስኮቹ ላይ ቀባሁ፣ ላጥኩ፣ ደግሜ ላጥኩ። ያገኘሁት የቆሸሸ ስኮችና ለሦስት ቀን የማይለቅ ጥቁር ጥፍር ነው። ዘይቱ ስኮቹን አያስይዘውም፣ ዱቄቱም በጣም የደቀቀ ነው። ቢሳካልኝ እንኳ ባለ 900 ብሯ አታበራውም ነበር። የሚወጣው እጥፍ ብርሃን በገባው ብርሃን ጥንካሬ ካሬ ነው የሚያድገው፣ ስለዚህ ብርሃኑን በፌምቶ ሰከንድ (የቢሊዮንኛ ሰከንድ ሚሊዮንኛ) ምቶች አጭቆ የሚተኩስ ሌዘር ያስፈልጋል። የሱ ዋጋ በብር አይወራም።

ሥራው በድግግሞሽ ማጠፍ ብቻ አያበቃም። ስስ ገጾቹ ብርሃን ሲበዛባቸው መዋጥ ያቆማሉ። የጊቢ በር ላይ ያለ ዘበኛን አስቡት፣ አንድ ሁለት ሰው ሲመጣ መታወቂያ እያየ ያግዳል፣ ሺህ ሰው አንዴ ሲገፋበት ግን በሩን ለቆ ቁጭ ይላል። እነዚህም ደካማውን ይውጣሉ፣ ኃይለኛውን ያሳልፋሉ። ሌዘር ውስጥ ሲገቡ ታዲያ ብርሃኑ ተሰብስቦ በአጭር ምት እንዲወጣ ያስገድዱታል። በግራፊን እ.ኤ.አ. በ2009 ተሠርቷል፣ ሞሊብዲነም ዳይሰልፋይድም ተከትሎ መጣ።

እንግዲህ ግዙ ወይስ አትግዙ? የፊዚክስ መምህር ከሆናችሁ ግዙ፣ ሲዲና ማስመሪያ ጨምራችሁ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ትሠሩባታላችሁ። ቁልፍ ያለበት መሳቢያ ከሌላችሁ ግን ተዉት። ለልጅ መጫወቻ ከሆነ በፍጹም። መስታወት፣ የመኪና ስፖኪዮ፣ የሚያብለጨልጭ ነገር ላይ አታብሩ፣ የማይታየው አብሮ ይመለሳል። ብርሃኗን አይቶ ደካማ ናት ብሎ ማሰብም አይሠራም፣ ሲበርዳት አረንጓዴው ይቀንሳል እንጂ ዳዮዱ ኢንፍራሬዱን መርጨቱን አያቆምም። ቢጫው ወረቀት ላይ ያለውን ቁጥርም አትመኑት።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ለመግዛት ለምትሄዱ። አሁን አሁን አረንጓዴ በቀጥታ የሚያወጡ ዳዮዶች አሉ፣ 520 ናኖሜትር አካባቢ፣ ውስጣቸው ክሪስታል የለም። ለስብሰባ ለመጠቆም እነሱ ይሻላሉ፣ ኢንፍራሬድ የሚፈሰው ነገር የላቸውም። ለኔ ግን አይሆኑም። የሚለዩት በብርድ ነው፣ ፍሪጅ ውስጥ ትንሽ አቆይታችሁ ስታወጧት ከፈዘዘች ክሪስታል አላት። ባለሱቁ ፍሪጅ አለህ ወይ ስትሉት እንዴት እንደሚያያችሁ ከወዲሁ አስቡበት።

ባለፈው ሐሙስ ደግሞ በዚያው በኩል ሳልፍ ልጁ ጠራኝ። «ወንድሜ፣ ሰማያዊ ገብቷል፣ ክብሪት ሁሉ ያቀጣጥላል!» አለኝ። ከዳዮዱ ነው ቀጥታ የሚወጣው፣ ምንም የሚያጣምረው ነገር የለም፣ ዓይን ማጥፋት ብቻ ነው አልኩት። አረንጓዴው ሲመጣ ደውልልኝ ብዬ ስልክ ቁጥሬን ሰጠሁት። የድሮው ዓይነት፣ ሲበርደው የሚፈዘው።